ረቂቁ ይመለስ ያሉት ዳኛ

ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ዛሬ የምንሸኛቸውን እህታችንን ከእናንተ አንዳንዱ በችሎት፣ አንዳንዱ በምክር ቤት፣ የቀረው ደግሞ በጓዳ ያውቃቸዋልና፣ ሦስቱንም አንድ ላይ አድርገን፣ ሳናስረዝም ለመናገር እንሞክራለን። ረጅም ንግግር አይወዱም ነበር፤ እዚህ ያላችሁ ጠበቆች ለዚህ ምስክር ናችሁ።

እህታችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወልደው፣ ቀን ቀን የአባታቸው መሥሪያ፣ ሲመሽ ደግሞ የልጆች መኝታ በሆነች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ሁሉ የየራሳቸውን ሰዓት ሲደውሉ እየሰሙ አደጉ። ማንም የተናገረውን ወዲያው ያለማመን ጠባያቸው ከዚያ የመጣ ነው የሚሉ ዘመዶች አሉ። ከእርሳቸው በኋላ የተወለዱትን አንዲት ታናሽ እህታቸውን በጀርባቸው አዝለው ስላሳደጉ፣ እኚህ እህታቸው አፋቸውን ከፈቱ ጀምሮ “እታለም” ይሏቸው ነበር፤ ቤተሰቡም በዚሁ ስም ጸና።

ትምህርት ቤት ገብተውም በእውቀታቸው ሲመሰገኑ በጥያቄያቸው ሲከሰሱ ቆዩ። የሒሳብ መምህራቸው አባታቸውን አስጠርተው፣ “ልጅዎ መልሱን ታውቀዋለች፤ ለምን እንደሆነ ካልነገርኳት ግን አትቀመጥም” ብለው ቢያማርሩ፣ አባት ሆዬ “ታዲያ ይንገሯታ!” ብለው ወደ ሰዓታቸው ተመለሱ። በዚህ ዓይነት ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው ሕግ አጠኑ፤ በረዳት ዳኝነት ጀምረውም ወደ ወንጀል ችሎት ተሸጋገሩ።

በዚያው ዘመን ከአንድ የመንገድ ቀያሽ ጋር ተጋብተው፣ ባላቸው እስካረፉበት ቀን ድረስ በፍቅር ኖረዋል። እርሳቸው ሲናገሩ ባላቸው ያዳምጣሉ፤ ባላቸው ሲናገሩ ደግሞ እርሳቸው ያርማሉ፤ ሁለቱም በዚህ ደስተኞች ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። እርሳቸው ደብቀውት ስለማያውቁ እኛም እዚህ አንደብቀውም።

ክረምት ሲሆን ጣሪያዋ ስለሚያፈስ ከተከሳሽ ሳጥን አጠገብ ባልዲ በሚቀመጥባት፣ በጋ ሲሆን ደግሞ መስኮቷ አልከፈት ብሎ ሰው ሁሉ በወረቀት በሚያራግብባት ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ሲያስችሉ፣ ቅጣት ከመወሰናቸው በፊት ጥፋተኛ የተባለችውን ሴት ሁሉ “ልጅ አለሽ?” ብለው የመጠየቅ ልማድ ነበራቸው። አለኝ ላለች ያቀሉላታል፤ የለኝም ያለችውን ሕጉ እንዳለው ይቀጧታል። ይህ ርኅራኄ መስሏቸው ነበር፤ ሰዉም በዚሁ ነበር የሚያመሰግናቸው።

ወሬው ግን እስረኞቹ ዘንድ ደርሶ ኖሮ፣ አንድ ቀን በስርቆት ጥፋተኛ የተባለች ሴት ሕፃን ታቅፋ ስትቀርብ፣ ሕፃኑ ችሎቱን እንደ ቤቱ ቆጥሮ ወደ ዳኛዋ እጁን እየዘረጋ ይስቅ ጀመር። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ቢያዩት ያው ልጅ ነው፤ ባለፈው ሳምንት በሌላ ሴት ጀርባ ላይ ሆኖ የጠበቃዋን ወረቀት ሲያኝክ የዋለው። “ለመሆኑ ይህ ልጅ ስንት እናት ነው ያለው?” ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። “የጎረቤቴ ነው፣ ክብርት ዳኛ፤ ተውሼው ነው። ልጅ የሌላት ሴት እዚህ ምን ይዛ ትቁም?” አለች።

ዳኛዋ ችሎቱን ለዕረፍት በትነው ቢሯቸው ገቡ፤ ባላቸው እንደነገሩን፣ ያን ዕለት የያዙትን ምሳ ሳይነኩት ነው ወደ ቤት የመለሱት። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው በሴትዮዋም ላይ፣ ባለፈው ሳምንት የልጁ እናት የተፈረደባትን ያህል፣ ያንኑ ቀላሉን ፈረዱባት፤ ያንንም ጥያቄ ሁለተኛ ከአፋቸው የሰማው የለም።

ከዓመታት በኋላ የዳኝነት ወንበራቸውን ለቀው፣ ተወዳድረው የምክር ቤት አባል ሆኑ። የዚያ አዳራሽ ወንበር ሰው ሲነሳ በራሱ እየታጠፈ ይጮህ ነበርና፣ የእርሳቸው ወንበር በጮኸ ቁጥር ሚኒስትሮች ወረቀታቸውን ማገላበጥ ይጀምሩ እንደነበር የሥራ ባልደረቦቻቸው ያወጋሉ።

እንግዲህ በአራተኛው ዓመት ላይ፣ ከባድ ባልሆነ ጥፋት የተፈረደባቸውና ሕፃን ልጅ ያላቸው እናቶች ቅጣታቸውን ከማረሚያ ቤት ውጭ በክትትል እንዲጨርሱ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ ቀረበ። በዚያው ጊዜ የታናሽ እህታቸው ብቸኛ ልጅ፣ ከምትሠራበት የጨርቅ መጋዘን ጣቃ እያወጣች በመሸጧ ተፈርዶባት፣ ጡት ካልጣለች ሴት ልጇ ጋር ታስራ ነበር። ረቂቁ በዚያ ሳምንት ቢጸድቅ ወዲያው ትወጣለች፤ ወደ ኮሚቴ ቢመለስ ግን ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሊዘጋ ስለነበረ ግማሽ ዓመት ያህል ትቆያለች። ዳኛዋ የረቂቁን ሐሳብ ሲደግፉ፣ ከእናቶች በቀር ሌላ ሴት አለመጥቀሱን ግን ሊቀበሉት አልቻሉም።

በውይይቱ ዋዜማ ታናሽ እህታቸው መጥተው፣ ነጠላቸውን እንኳ ከትከሻቸው ሳያወርዱ፣ “እታለም፣ ሌላ ነገር አልጠይቅሽም። የሰው ሁሉ እጅ ሲወጣ ያንቺም ይውጣ” አሏቸው።

“ልጅ የሌላቸውስ?”

“እነሱን ሌላ ጊዜ ታስወጫቸዋለሽ!”

“ለእናቶች አጨብጭቦ ቤቱ የገባ ሰው ለቀሩት ብሎ አይመለስም። አውቀዋለሁ፣ አብሬው ነው የምቀመጠው።”

“የኔ ልጅ ያንቺም ልጅ አይደለችም?” አሉ ታናሽ እህታቸው። በሩን ሳይዘጉት ወጡ።

በማግስቱ ወንበሩ ጮኸ። “የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ አስቀድሞ ይመዝገብልኝ፤ የእህቴ ልጅ በዚህ ረቂቅ ከሚጠቀሙት አንዷ ናት” ብለው ጀመሩ። ከዚያም መውለድ ያልቻለችው፣ ልጇ የሞተባት፣ ልጇ አድጎ የረሳት ሴት በዚያው ጥፋት እንደታሰረች ለምን እንደምትቀር ጠይቀው፣ ቅጣት የሚቀለው በጥፋቱ ልክና ሴትዮዋ ለሰው በምታሰጋው ልክ ይሁን እንጂ በማሕፀን አይሁን፤ ስለዚህ ረቂቁ ይመለስ አሉ። ከወዲያ ማዶ አንድ ነጋዴ የምክር ቤት አባል ብድግ ብለው፣ “እርስዎ ስላልወለዱ የእናት አንጀት አይገባዎትም” አሏቸው።

“እውነት ነው፣ አልወለድኩም። ነገ ብሰርቅ ታዲያ ስንት ዓመት ሊጨምሩብኝ ነው?” አሏቸው።

ሳቁ ጋብ ሲል ድምፅ ተሰጥቶ፣ ረቂቁ በጥቂት ብልጫ ተመለሰ። ይመለስ ብለው ከወጡት እጆች አንዱ የእርሳቸው ነበር።

ሕጉ ከዕረፍት በኋላ እርሳቸው እንዳሉት ሰፍቶ መጣ፤ ጸደቀም፤ እናቶችም እናት ያልሆኑትም ወጡ። ጋዜጦች አመሰገኗቸው። ሕፃኗ ግን በዚያ ግማሽ ዓመት የመጀመሪያ ጥርሷን አብቅላ፣ ፍራሽ ለፍራሽ እየተደገፈች መራመድ ለምዳ፣ “እማ” የሚለውንም ቃል መጀመሪያ ያለችው ለእናቷ ሳይሆን ለማረሚያ ቤቱ ጠባቂ ነበር። ዳኛዋ መኪና ይዘው በማረሚያ ቤቱ በር ላይ ቢጠብቁ፣ የእህታቸው ልጅ ሕፃኗን አዝላ በአጠገባቸው አልፋ አውቶቡስ ተሳፈረች። ታናሽ እህታቸውም ለዓመታት ደጃቸውን አልረገጡም፤ በዳኛዋ ባል ቀብር ላይ እንኳ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ብለው ብቻ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በመጨረሻ ዳኛዋ ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ማንም ሳይጠራት የእህታቸው ልጅ መጣች። አጠበቻቸው፣ አበላቻቸው፣ መድኃኒታቸውን በየሰዓቱ ሰጠቻቸው፤ ሌላ ወሬ አልነበረም። አንድ ቀን ግን ትራሳቸውን እያስተካከለች፣ “አጥፍቻለሁ በይኝና ይውጣልኝ” አለቻቸው።

“ብልሽ ውሸቴን ነው። ዛሬም ቢመጣ ይመለስ ነው የምለው” አሏት። ቀጥለውም፣ “ያቺ ልጅ የእስር ቤት ፍራሽ ተደግፋ መራመድ የጀመረችው ያን ቀን በወጣው እጄ መሆኑን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም” አሏት።

“እሺ፤ አሁን ሾርባሽን ጠጪ” አለቻቸው።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በቤታቸው ዐረፉ።

እህታችን ከኋላቸው አሁን ከፊታችን ተቀምጠው የሚያለቅሱትን ታናሽ እህታቸውን፣ የእህታቸውን ልጅና ዛሬ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ የመጣችውን የእህታቸውን የልጅ ልጅ፣ እንዲሁም በችሎትና በምክር ቤት ያፈሯቸውን ወዳጆችና ተከራካሪዎች ትተው ሄደዋል። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ የእህታቸው ልጅ አንብባው፣ “ይቅር ብላቸዋለች” ከሚለው ላይ ስትደርስ፣ “ይሄን አውጡት፤ አላልኩም። አጠገቧ ነበረች በሉ” ብላናለችና፣ እንዳለችው እናነባለን፦ አጠገባቸው ነበረች።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን፤ ታርቀን ላልጨረስነውም መጽናናቱን ይስጠን።