መርጦ የመጣ እንግዳ

ባለፈው ጥቅምት ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ ሐይቅ በእግሬ ስወጣ፣ አንድ ሽማግሌ በአንድ እጃቸው ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ በሌላው ብር ጨብጠው ሲሮጡ አየሁ። ሌባ የሚያባርሩ መስሎኝ ድንጋይ አነሣሁ። ከፊታቸው የሚሸሹት ባልና ሚስት ግን እየሣቁ ነበርና አፍሬ ጣልሁት።

“ያዝልኝ የኔ ጌታ! ብራቸውን ጥለውብኝ ሊሄዱ ነው!” አሉኝ ሽማግሌው።

መምህር ነኝ፤ ክርክር ካየሁ አላልፍም። ሁሉንም በአንድ ዋርካ ጥላ ሥር ሰበሰብኋቸው። ሽማግሌው አባ ኑርዬ የሚባሉ የአገሩ ገበሬ ናቸው። እያለከለከች የደረሰችው ልጃቸው ሰሚሃ ደሴ ላይ ቱሪዝም ተምራ፣ ሐይቁን በሚያሳየው ግቢያቸው አንድ የእንግዳ ክፍል ከፍታለች። አጸደና ባሏ ኃይለ ሚካኤል ወፍ ለማየት ከአዲስ አበባ የመጡ የመጀመሪያ እንግዶቿ ናቸው።

“እንግዳ አሳድሮ ዋጋ መቀበል በእኛ ቤት ነውር ነው” አሉ አባ ኑርዬ። “አባቴ የግሸንን መንገደኛ ሲያሳድር ስንት አለህ ብሎ ያውቃል? እኔ ‘የእስላም ሥጋ ነው’ ብለው እንዳይቸገሩ ዓሣ ያስመጣሁ ሰው፣ አሁን አልጋ ቸርቻሪ ልሁን?”

እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ እሳቸው አደላ።

“አፉ ይበሉኝ አባዬ” አለች ሰሚሃ። “የአያቴ እንግዳ መሽቶበት ነው የመጣ። እነዚህ መርጠው፣ ደውለው፣ ቀን ቆርጠው ነው የመጡ። መሽቶበት ለመጣማ በራችን ዛሬም ክፍት ነው።”

“እንግዳ ሁሉ እንግዳ ነው!”

ይህን ጊዜ አጸደ ጣልቃ ገባች። “አባባ፣ ብሩን ከመለሱልን ዳግመኛ አንመጣም።”

“ምነው ልጄ? ምን አስቀየምኋችሁ?”

“ምንም! በጣም ደስ ብሎን ነው ያደርን። ግን በነጻ ስንመላለስ እናፍራለን። በጥር ወር አምስት ጓደኞቻችንን ልናመጣ ነበር፤ እንግዲህ ከተማ ሆቴል ማደራቸው ነው።”

“የእኔ ቤት እያለ ሆቴል!” አሉ አባ ኑርዬ በድንጋጤ።

ሰሚሃ ድምፅዋ ተለወጠ። “አባዬ፣ ይህ ክፍል ካልሠራ ፓስፖርቴን አውጥቻለሁ። ዐረብ አገር ሄጄ የሰው ቤት ልጠርግ ነው። ይህን ብር ሲመልሱ እኔን እየሸኙ ነው።”

አባ ኑርዬ ብሩን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። “ያ ረቢ! እንግዳ አከበርሁ ብዬ ልጄን ላባርር ነበር?” ብለው ብሩን በእጇ አስጨበጧት። “በሉ የአልጋው ይሁን። የዓሣውን ግን ወላሂ አልቀበልም!”

“የዓሣውማ የጎረቤታችን የሀሚዱ ነው፣ ያጠመደው እሱ ነው” አለች ሰሚሃ። “ደግሞ ወፎቹ የሚፈለፍሉበትን ቄጠማ ሊያጭድ ማጭዱን ስሎ ነበር፤ እንግዳው የሚመጣው ለእነሱ መሆኑን ነግሬው ተወው። ጥቅሙ ከደረሰው ሐይቁን እሱ ራሱ ይጠብቀዋል።”

እኔን ደስታ ፈነቀለኝ። “በሉ ዛሬ እኔም እዚሁ አድራለሁ! ስንት ነው?” አልሁ። አባ ኑርዬ አላባቸው። ልጃቸው እንድትመልስላቸው ዞር ሲሉ እሷ ሆን ብላ ሐይቁን ታያለች።

“አራት መቶ ብር!” ብለው ጮኹ በመጨረሻ፤ እኛም አጨበጨብን።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስሙ። ቄጠማው አልታጨደም፤ ወፎቹም በዝተዋል። ሀሚዱ ዓሣውን እዚያው ይሸጣል፣ ጫጩት ዓሣ ከተያዘበት ወደ ውኃው ይመልሳል። ጎረቤቶች ማርና እንቁላል ያቀርባሉ፤ የመንደሩ ወጣቶች እንግዳ በእግር እየመሩ ያስጎበኛሉ። እንግዳውም ቆሻሻውን ይዞ ይመለሳል። መሽቶበት የመጣ መንገደኛ እንደ ድሮው በነጻ በልቶ ያድራል። ልጅ በአገሯ ሠርታ እንድትኖር ማድረግም እንግዳ ከማክበር የማያንስ ክብር መሆኑን እኔ መምህሩ ከአንድ ገበሬ ተማርሁ!

ሰሞኑን ስሄድ ሰሚሃን ሁለተኛውን ክፍል ስትመርግ አገኘኋት።

“መቼ ልትሄጂ ነው?” አልኋት ለማሾፍ።

ጭቃውን ከእጇ እያራገፈች ግራ ተጋብታ አየችኝ። “ወዴት?” አለችኝ።