የፈረንጁ ሥዕልና የንስሐ አባታችን

ጭንቅ አይጣል። የንስሐ አባታችን ቢቸና ወዳለው ቤታችን ጠበል ሊረጩ መጡ። እኔ ደግሞ ሞጣ ወስጄ ፍሬም ያስገባሁትን የፈረንጅ ሥዕል ቅጂ በምሥራቁ ግድግዳ ሰቅዬዋለሁ። ቀይና ጥቁር ቀለም የተረጨበት ነው እንጂ ሰውም ዛፍም የለበትም፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የክረምት ጎርፍ ቁልቁል ሲወርድ ይታየኛል። እሳቸው ወደ ምሥራቅ ዞረው ሲጸልዩ ፊት ለፊታቸው እሱ ሆነ። አሁን አውርደው ይሉኛል እያልኩ ጸሎቱን እንኳ አልሰማሁም።

ሲጨርሱ ትክ ብለው አዩትና፣ «የሣለው ሰው ተጨንቋል» አሉ። «ክርስትና ስሙ ማን ነው? በጸሎት ላስበው።»

«አላውቅም አባቴ።»

«እንግዲያው አንተ አስበው» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። «ቤትህ ያስገባኸው አንተ ነህ።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ በሥዕሉ ፊት ባለፍኩ ቁጥር፣ እንግዳ አስቀምጦ የሚያቀርብለት እንዳጣ አባወራ እቁነጠነጣለሁ።