ያልደረሰ እህል

ፕሮፌሰሩ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ደረጃውን ሲወርዱ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ስትወጣ መሃል ላይ ተገናኙ። አሁን የዩኒቨርሲቲው የምርምር መረጃ ጥበቃ ባለሙያ ብትሆንም፣ እሳቸው ዛሬም «ዝምተኛዋ» ነው የሚሏት።

«ጋሼ፣ መንገድ ነው እንዴ?»

«ውጭ አገር ጉባኤ ተጠራሁ! ትኬቱንም እነሱ ቆርጠውልኛል። ‹የስንዴውን መረጃ ብቻ አስቀድመው ይላኩልን› ስላሉኝ፣ በኢንተርኔት እንዲጫን ቢሮዬ ትቼው መውጣቴ ነው።»

ድንግጥ አለች። የዋግ በሽታ የማይደፍረው ስንዴ የአሥራ አንድ ዓመት ልፋታቸው ነው፤ ገና አልታተመም፣ አልተመዘገበም።

«ማንነታቸውን አጣርተዋል?»

«ደብዳቤው ማኅተም አለው እኮ! አንቺ ልጅ፣ ጠባቂ ከሆንሽ ወዲህ ሰው ሁሉ ሌባ ሆነብሽ? እውቀት ሲካፈሉት ይበዛል እንጂ አያልቅም።»

«ያስተማሩኝን አልክድም። ግን ያልደረሰ እህል ይታጨዳል? ሲታተም ለዓለም ሁሉ ይሁን። ዛሬ ከወጣ ግን ሌላ ቀድሞ በስሙ ያስመዘግበዋል፤ እርስዎ በነፃ ሊሰጡት ያሰቡትን ዘር ገበሬው ከባዕድ ይገዛዋል።»

«እንግዳ መጠርጠር ነውር ነው!»

«መጠየቅስ? ቤትዎ ሲንኳኳ ‹ማነው?› ሳይሉ ይከፍታሉ?»

ፕሮፌሰሩ ፈገግታቸውን መደበቅ አቃታቸው። «በይ እሺ፣ ደውዪ። ቁጥሩ ደብዳቤው ላይ አለ።»

«የሌባን ነገር ሌባውን ልጠይቅ?» አለችና ደብዳቤው ላይ ስሙ የተጠቀሰውን ተቋም ቁጥር ከራሱ ድረ ገጽ አውጥታ ደወለች። አዳምጣ ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጉባኤም የለም፤ ደብዳቤውን የፈረመውን ሰውም አያውቁትም» አለች።

ፕሮፌሰሩ ሻንጣቸውን ደረጃው ላይ ጣሉት። ወዲያውም ማንም አይቶባቸው በማያውቀው ፍጥነት ወደ ቢሯቸው ሮጡ። ኮምፒውተሩ «አርባ ሁለት በመቶ» ይላል፤ ጠርዙ ላይ የይለፍ ቃላቸው በወረቀት ተለጥፏል። ተከትላቸው ገባችና የኔትወርኩን ገመድ ነቀለችው።

«ደርሷቸዋል?»

«ተጭኖ ካላለቀ ለተቀባዩ አይደርስም። ተርፈናል፣ ጋሼ።»

ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። «ይህን ቀርፋፋ ኔትወርክ ስረግመው ኖሬ፣ ዛሬ ልመርቀው!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ የይለፍ ቃሉ የተጻፈበትን ወረቀት በገዛ እጃቸው ቀደዱት።

ጥንቃቄ በር መዝጋት እንዳልሆነ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ታየ። ስንዴው በዩኒቨርሲቲው ስም ተመዘገበ፤ ዘሩ ለገበሬው በነፃ ደረሰ። ማንነታቸው የተጣራ የውጭ ተመራማሪዎችም መጥተው ከፕሮፌሰሩ ጋር ጎን ለጎን ይሠራሉ።

ዛሬ ቤተ ሙከራው ሲንኳኳ ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ ይሰማል።

«ዝምተኛዋ ነኝ፣ ጋሼ።»

«መታወቂያ!» ይላሉ እየሳቁ፤ በሩንም ወለል አድርገው ይከፍቱላታል።