የሻምበል ሰዓት ወዳጅ

«እንደው የዘንድሮ ውርጭ ምን ነካው፣ እፀገነት? ገብሱን እንደሆነ ፈጅቶታል፣ አሁን ደግሞ ወደ ሰው ዞረ መሰለኝ… በይ ጠጋ በይ፣ ጋቢው ለሁለታችን ይበቃል። ራቤል አገሩስ እንዴት ነው? ተማሪዎችሽስ? ደግ፣ ደግ…»

እትዬ ሸዋረጋ ይህን ሲሉ ሚኒባሱ ከመሐል ሜዳ መናኸሪያ ገና መውጣቱ ነበር። ድምፃቸው የወትሮው ነው፤ ሆዳቸው ግን ከነጋ ጀምሮ በሳቅ ሊፈነዳ ደርሷል። ባላቸው ሻምበል አፈወርቅ ካረፉ ገና አምስት ወራቸው ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ ሳቅ ከየት እንደመጣባቸው ለራሳቸውም አልገባቸውም።

የሳቃቸው ምክንያት ከፊታቸው፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጧል። ቡናማ የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ጠጉሩን በቅባት ያስተኛ የአዲስ አበባ ጎልማሳ ነው፤ ለሻምበል የሩቅ ዘመድ ይሆናል። ከግማሽ ሰዓት በፊት እዚያው መናኸሪያ፣ በነጭ ጨርቅ የተሰፋች ትንሽ ነገር ከእጃቸው ተቀብሎ፣ ትከሻቸውን ስሞ ተሰናብቷቸው ነበር። «ደብረ ብርሃን ሳትደርስ እንዳትፈታት፤ እዚህ ከፈታሃት እንባዬ ይመጣብኛል» ስላሉት በደረት ኪሱ ከተታት። እሳቸውም በዚያው መኪና እንደሚሄዱ ያወቀው ከኋላው ሲቀመጡ ነው። አንዴ ዞሮ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልዞረም።

እፀገነት የጎረቤት ልጅ ብትሆንም ራቤል ወደሚባለው ከተማ ለማስተማር ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነው። ሰውየውን አታውቀውም። ይህ ለእትዬ ሸዋረጋ ከማር ጣፈጣቸው።

«እኔማ ይኸውልሽ፣ ሰው አገኘሁ ልጄ። ሻምበል ካረፉ ወዲህ ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ ነበር… የለም! አንድ ሰው አለኝ። ስሙን አልጠራልሽም፤ ምን ያደርጋል? እሱም የሚወደው ስም የሌለውን ነው። የድሮ ሰዓት ይሰበስባል፤ ያውም የአብራሪ ሰዓት። ስመ ጥሩውን፣ ሁሉ የሚያውቀውንማ ማንም ይሰበስባል ይላል። እሱ የሚሻው ፋብሪካው የተዘጋ፣ ስሙ የተረሳ፣ ባለቤቱም… እንግዲህ ባለቤቱም ቢያርፍ አይከፋውም። ምን ዓይነት ልብ ነው? የተረሳን ማስታወስ! ሻምበል ስምንት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ሲውሉ ረስቷቸው ነበር እንጂ፣ ሲሞቱማ ወዲያው አስታወሳቸው።»

እፀገነት ከንፈሯን መጠጠች። እትዬ ሸዋረጋ ጋቢውን አስተካከሉላትና በሾፌሩ መስታወት የሰውየውን ግንባር አዩ። ግንባሩ ገና ጸጥ ያለ ነው።

«ልቅሶ ሲደርስ ብታዪው! በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ። የሥጋ ወንድማቸው እንኳ የመጣው አንዴ ነው። ደግሞ ትሕትናው… የእሱን ዓይነት እጅ አነሣስ በዕድሜዬ አላየሁም። ሌላው እጅ ነስቶ ቁጭ ይላል፤ እሱ እጅ ይነሳና… እጅ ላይ ያለውንም ይነሳል። ምነው ሳቅሽ? አክባሪ ነው ማለቴ ነው እንጂ!

«ያቺን የሻምበልን ሰዓት ታስታውሻታለሽ አይደል? ጥቁር ፊት ያላት፣ ሁለት ትንንሽ ፊቶች እንደ ጫጩት ያቀፈች፣ በጎኗ ከላይና ከታች ቁልፍ ያላት። ክሮኖግራፍ ነው የምትባለው። የላይኛውን ቁልፍ ስትጫኚ ቀጭኗ ቆጣሪ ቱር ብላ ትሮጣለች፤ ስትደግሚ ቀጥ ትላለች። አንድ ቀን አውሮፕላን እያበረሩ አየር ላይ ሳሉ የነዳጁ መለኪያ ተበላሽቶ፣ በእሷ ደቂቃ እየቆጠሩ ነው ሃያ ሰው ይዘው በሰላም መሬት ያረፉት። ጡረታ ወጥተው መንዝ ሲገቡስ? ያልለኩት ነገር አለ? የፈረስ ግልቢያ ይለኩ ነበር። የእንቁላል መቀቀያ ይለኩ ነበር። የአባትሽን ሰላምታ እንኳ ለክተው ‹አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ፣ ከብቶቹን ሳይጨምር› አሉኝ። ሃሃ! በመጨረሻው ወርማ ከትራሳቸው ሥር እያወጡ ትንፋሻቸውን ይለኩ ጀመር። ‹ሸዋ፣ ዛሬ ከትናንት በሦስት ሰከንድ በለጥኩ› ይሉኛል። ሕፃን ልጅ ይመስሉ ነበር…»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ውጪ በውርጭ የነጣው መስክ ያልፋል። ያቺ ሰዓት ከሻምበል እጅ ወደ አንድያ ልጃቸው ወደ ጽናት እንድታልፍ ነበር የሻምበል ቃል። «ለጽናት» ብለው ሁለት ጊዜ ተናግረዋል። የልቅሶው ዕለት ይህንኑ ቃል እትዬ ሸዋረጋ በለቀስተኛው ፊት ተናግረውታል፤ ባለ ቆዳ ጃኬቱም ከፊት ተቀምጦ ሰምቷል።

«ለእሱም አሳየሁት። ለልቅሶ የመጣ ሁሉ ያያት ነበር፣ እሱን ምን ለየኝ? ጆሮው ላይ አደረጋት። ቁልፏን ተጫነ። ልጄ፣ ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዛት! እኔ ሞኟ ለሻምበል ያዘነ መሰለኝ። ከዚያ ምን አለ? ‹አይ እትዬ፣ ስም እንኳ የላትም፤ ተራ ብረት ናት። ለጽናት ይቺን ሰጥተው ከሰው ፊት አያዋርዷት። ለእሷ ደህና ሰዓት አመጣላታለሁ፤ ይቺን እኔ ለመታሰቢያ ልያዛት።› የልጄ ክብር እኔን ሳያሳስበኝ እሱን አሳሰበው! እንዲህ ያለ ዘመድ ለማን ተሰጠ?

«ደህና ሰዓትም አመጣ፤ አይዋሽም። የግድግዳ ነው። ፏፏቴ ተስሎበታል፤ ውስጡ ደግሞ ወፍ አለች። ወፏ ስትፈልግ ትጮኻለች፣ ሰዓቱ ሲሞላም ባይሞላም። ዶሮዬ ግራ ገብቷት እንቁላል መጣል አቆመች። ታዲያ ስጦታ በዓይን ይገመታል እንዴ? እኔም ሰቀልኩት። በመጣ ቁጥር እንዲያየው… ምጣድ ማስቀመጫው ጎን።»

እፀገነት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሩም ከጆሮው አንዱን ወደ ኋላ ያዋሰ ይመስል የሬዲዮኑን ድምፅ ቀነሰ። ሞላሌን አልፈው ነበር።

«ጽናት ግን የዛሬ ልጅ ናት፤ ነገር ሁሉ ከስልክ ውስጥ ትለቅማለች። ምን ብታገኝ ጥሩ ነው? የሻምበልን ሰዓት ፎቶ! ያ ደግ ሰው ልቅሶ ቤት ተቀምጦ አንስቷት ኖሮ፣ ሰዓት ሰብሳቢዎቹ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ለጥፏታል። ‹ሃያ ዓመት የፈለግኳት፣ ማንም የማያውቃት ንግሥት፤ መንዝ ውስጥ አግኝቻታለሁ፣ በቅርቡ ከእጄ ትገባለች› ይላል። አየሽ ትሕትና? ለእኔ ሲሆን ‹ተራ ብረት›፣ ለጓደኞቹ ሲሆን ‹ንግሥት›። ንግሥት ናት ቢለኝ እደነግጣለሁ ብሎ እኮ ነው። ስንት መቶ ሰው ‹እንኳን ደስ አለህ› ብሎታል! እኔም ደስ አለኝ። ሰው ገና ያልጨበጠውን ይዞ ይህን ያህል ከተደሰተ፣ ሲጨብጠውማ እንዴት ይሆን?… ብዬ አሰብኩ።»

ጋቢና ውስጥ ባለው ግንባር ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በዚያ ብርድ! እትዬ ሸዋረጋ መስታወቱን አዩ፣ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ አደረጉ። ሳቁ ሊያመልጣቸው ነው።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ይቆረጥ፣ ምን ከፋኝ? ቆራጩ ብቻ ዛፉን ለይቶ ይወቅ… ምክንያቱም ሻምበል ሁለት ሰዓት ነበራቸው፣ እፀገነት። አላወቅሽም? ‹የሰማይ› እና ‹የምድር› ይሏቸው ነበር። የሰማይዋ የነገርኩሽ ናት። የምድሯን መሐል ሜዳ ቅዳሜ ገበያ ከሸራ ላይ ነው የገዟት፤ ገብስ ሲያጭዱ፣ በግ ሲሸልቱ የሚያስሯት። መልኳማ ቁርጥ እኅትማማቾች! ትንንሾቹ ፊቶች ግን ሥዕል ናቸው። ቁልፎቿም ለወጉ የበቀሉ ናቸው፤ ብትጫኛቸው እንደ ችንካር ንቅንቅ አይሉም። ‹ገብሴን ሳላጭድ አልፈታትም› ብለው ታመውም በእጃቸው ነበረች።

«ያ ደግ ሰው በስተመጨረሻ ሲመጣ ምን ብሎ ለመነኝ? ‹ሻምበል እስከ መጨረሻዋ ቀን በእጃቸው ያሰሯትን ሰዓት ይስጡኝ።› ቃል በቃል! እኔ ደግሞ ክርስቲያን ነኝ፣ መዋሸት አልችልም። እስከ መጨረሻዋ ቀን ያሰሯትን… ሰጠሁት። በንጹሕ ጨርቅ ሰፍቼ።»

እፀገነት ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። ዓይኗ ከእትዬ ሸዋረጋ ወደ ቆዳው ጃኬት፣ ከቆዳው ጃኬት ወደ እትዬ ሸዋረጋ ሄደ። ገባት። አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

የሰውየው ቀኝ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ደረት ኪሱ ገባ። እትዬ ሸዋረጋ ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ። በመስታወቱ ውስጥ አውራ ጣቱ ታያቸው፤ በጨርቁ ላይ ሆኖ ጎኗን ይዳብሳል። አገኘ። ተጫነ። ደግሞ ተጫነ። ሌላኛውን ፈልጎ ጥርሱን ነክሶ ተጫነ። እጁ እዚያው ቀረ።

«የምን ችኩል ነበር ቀንድ ይነክሳል የሚሉት? የበግ? የፈረስ?… እርጅና መጣ፣ ተረቱ ሁሉ ጠፋኝ። አንዱ ብቻ ትዝ ይለኛል፤ ‹ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም›። አሁንማ ወረቀት ቀርቷል መሰለኝ፣ ብልጥና ጨርቅ ሆኗል።»

ከኋላ ወንበር አንድ ገበሬ ነገሩ ሳይገባው ሳቀ። ሾፌሩም ሳቀ፤ እሱ ግን ገብቶታል።

መዘዞን እንዳለፉ እትዬ ሸዋረጋ ድንገት አንድ ነገር እንደታወሰው ሰው ቀና አሉ።

«ስንት ሰዓት ሆነ ልጄ? ተይው፣ ተይው፣ እኔው አየዋለሁ።»

የሹራባቸውን እጅጌ እስከ ክንዳቸው ሰበሰቡ። ጥቁሯ ፊት፣ ሁለቱን ጫጩቶቿን እንዳቀፈች፣ በቀጭኑ ክንዳቸው ላይ ብቅ አለች። የአውራ በግ ቆዳ ማሰሪያ አሰርተውላታል። ክንዳቸውን ከፍ አድርገው፣ ለዓይናቸው ብርሃን የፈለጉ መስለው፣ ወደ መስታወቱ አቀረቧት።

«ሁለት ሰዓት ከሃምሳ። ደግ፣ አልዘገየንም። ጽናት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ትጠብቀኛለች። አልነገርኩሽም ለካ! የአውሮፕላን ጥገና ትምህርቷን ጨረሰች እኮ፤ ሰኞ ሥራ ትገባለች። ይቺን በእጇ ላስርላት ነው የምሄደው። ያ ደግ ሰው ‹ከሰው ፊት ታዋርዳታለች› ያላትን… ምን ላድርግ፣ ልጄ እንደሆነች ይህችን ውርደት ወዳታለች። በይ እስቲ ከዚህ እስከ ጣርማ በር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እንለካ።»

የላይኛውን ቁልፍ ተጫኑ። ቀጭ አለች። ትንሽ ድምፅ ናት፤ ሚኒባሱ ውስጥ ግን ያልሰማት አልነበረም።

ባለ ጃኬቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቷል። የእትዬ ሸዋረጋ ልብ እንደ ቆጣሪዋ ቱር አለ። አምስት ወር ሙሉ ደረታቸው ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ምን ጊዜ እንደወረደ አላወቁም፤ ብቻ ቀልለዋል። ሻምበል አጠገባቸው ቢኖሩ «ሸዋ፣ በስንት ደቂቃ ጨረስሽው?» ይሏቸው ነበር።

ጣርማ በር ላይ ጉም መንገዱን ውጦታል። ባለ ጃኬቱ ድንገት «ወራጅ አለ!» አለ። ሾፌሩ «ደብረ ብርሃን አልነበረም እንዴ ጌታው?» ቢለው በሩን ከፍቶ ወረደ። ሻንጣው ጣራ ላይ ስለታሰረ ግን እስኪፈታለት በእትዬ ሸዋረጋ መስኮት ሥር ጉሙ ውስጥ መቆም ነበረበት። እሳቸውም ቁልፉን ተጭነው ቆጣሪዋን አቆሙና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። ፊታቸውን ግን ወደ እፀገነት እንዳዞሩ ነው።

«ጉሙ ደስ ሲል! እንደው ሳልረሳው፣ ያንን ደግ ሰው ልመርቀው ልጄ። ሐዘኔን ያስረሳኝ እሱ ነው፤ ምርቃት ይነፈገዋል? አንቺ አሜን በይልኝ።

«ዕድሜውን ያርዝምለት። መንገዱን ያቅናለት። ያገኘውን አያሳጣው፤ ከእጁ የገባችውም እስከ ዕለተ ሞቱ ከእጁ አትውጣ። እግዚአብሔር የተመኘውን ሁሉ እንደዚያችው አድርጎ ይስጠው፤ ትዳር ቢሻ ትዳሩን፣ ወዳጅ ቢሻ ወዳጁን፣ ልጅ ቢሻ ልጁን… ሁሉንም እንደዚያችው፣ መልኩ ሳይጎድል።

«አሜን በይ እንጂ! አንተም በል እንጂ፣ እታች የቆምከው፤ ምርቃት እኮ ለሰማው ሁሉ ነው።»