እናቷ የፈሩት ብርድ

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ወደ ሸዋ በር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ አንዲት ወጣት ስልኳን ዘግታ አለቀሰች። አጠገቧ የፍሪጅ ሞተር የታቀፉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝቼ እናቴ አልፈቅድም አለች። መልስ መስጠት ያለብኝ ዛሬ ነው።»

«ትምህርቱ ምንድን ነው?»

«ፊዚክስ ነው አባባ፤ የኳንተም ኮምፒውተር። ሰርኪዩት የሚባል በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ መስመር ከአሉሚኒየም ይሠራና ከጠፈር የበለጠ በሚቀዘቅዝ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።»

«አቦ! ዕድሜ ልኬን ፍሪጅ ስጠግን እንዲህ ያለ አልሰማሁም። ያን ያህል ማቀዝቀዙ ለምንድን ነው?»

«እንደዚያ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩ ምንም ሳያግደው ይሄዳል፤ ሙቀትም አይረብሸውም። ያኔ ሰርኪዩቱ እንደ ተራ ኮምፒውተር ዜሮ ወይም አንድ ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ድብልቅ መሆን ይችላል።»

«ትንሽ ሙቀት ከገባስ?»

«ድብልቁ ይጠፋል።»

«እንግዲያው የበሩ ላስቲክ ደህና መሆን አለበት።»

እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

«ለእናትሽ ምን ብለሽ ነገርሻት?»

«ሥራው ከጠፈር የባሰ ብርድ ነው አልኳት። ልጄን በብርድ አልገድልም አለች።»

«ሣጥኑ ውስጥ አንቺ ትገቢያለሽ?»

«ኧረ አባባ! እኔ ውጭ ነኝ።»

«ወላሂ፣ ይሄንን ነግረሻታል?»

ወደ ስልኳ ተመለከተች።

«በይ ደውዪላት።»

ደወለች። «እማ፣ የሚበርደው ማሽኑ ነው። እኔ የምሠራበት ክፍል ይሞቃል… አዎ… እውነቴን ነው… እሺ፣ ካፖርት እገዛለሁ።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ መጨረሻውን ልስማ ብዬ «ወራጅ» አላልኩም።