ወረፋ የማያውቅ ከባድ መኪና

የዶራሌ ወደብ ባለባት ከተማ፣ ከባልባላ ሰፈር ወደ ካርቲየ 5 ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ባለመኪናው፣ ሁለት የሱማሌ እናቶች፣ አንድ የአገራችን የከባድ መኪና ሾፌር፣ አጠገቡ የተቀመጠች የቤት ሠራተኛና እኔ ነበርን።

«ግራፊክስ ካርዱን ገዛሁ፤ ፓወር ሰፕላይ ቀረኝ» አላት የከባድ መኪናው ሾፌር የቤት ሠራተኛዋን።

«ለምንህ ነው?»

«ለኮምፒውተር ጌም። ከባድ መኪና መንጃ።»

«ሥራህስ?»

«ከባድ መኪና መንዳት። ጌሙ ግን እንደ ዶራሌ ወደብ አራት ቀን አያሰልፍም፣ እህቴ።»

ስልኩ ጮኸ፤ አናገረና ዘጋው።

«ተራዬ ደርሷል። አሁን ካልሄድኩ ወደ ኋላ ሊመልሱኝ ነው።»

«ታዲያ ውረዳ፣ ወንድሜ!»

«ፓወር ሰፕላዩን የምገዛበት ሱቅ ለጫት ሰዓት ሊዘጋ ነው።»

«ሌላ አራት ቀን ልትሰለፍ?»

«ምን ቸገረኝ? ኮምፒውተሩን ጋቢና ውስጥ ተክዬ እየነዳሁ እጠብቃለሁ።»

የመኪናው ባትሪ ኮምፒውተሩን ስንት ሰዓት እንደሚችለው በልቤ ሳሰላ፣ የግራፊክስ ካርዱን ሞዴል ሲነግራት አመለጠኝ፤ በሚኒባሱ አብራችሁን የነበራችሁና የሰማችሁ ጨምሩበት።