አያ አዛናውና የግድቡ ሕግ

የተከበራችሁ ካህናት፣ አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፤ ከሸሕዲ በዚህ ጭቃ እየወደቃችሁ የመጣችሁ፤ ድንበር ተሻግራችሁ የደረሳችሁ፤ የግድቡ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ወንድሞቼ። እትዬ የትናየት፣ ባለቤትዎን አጥተዋልና እግዜር ያጽናዎት።

ለማታውቁኝ፣ ለይኩን እባላለሁ። ከአያ አዛናው ጋር አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ታንኳ ሠርተናል። ስምንቱን ዓመት አኩርፌው ነው። ታንኳ ላይ ማኩረፍ ደግሞ ከባድ ነው፤ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጡት።

የሕይወት ታሪኩ ቅድም ተነቧል። «ሰላማዊና ለሰው አሳቢ ነበር» ይላል። የጻፈው ሰው ይቅር ይበለኝና፣ አያ አዛናው ሰላማዊ ነበር? ኧረ እናንተ ሰዎች፣ መቃብር አፍ ላይ ቆመን አንዋሽ። አያ አዛናው ነዝናዛ ነበር። ችኮ ነበር። አሳቢስ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ለዓሣ፣ ከተረፈው ለሰው።

ማን ሾመው? ማንም። ግድቡ ለእርሻ ተብሎ ተሠራ። ዓሣው ረባ። እኛ ለሰሊጥ ሥራ የመጣን የደጋ ልጆች ሰሊጡ ሲከዳን መረብ ይዘን ወደ ግድቡ ወረድን። ዓሣ ያልቃል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እሱ ብቻ አሰበ። ሰኔ ሲገባ ዓሣው እንቁላል ይጥላልና እስከ ሐምሌ አጋማሽ መረብ አይጣልም አለ። ትንሽ ዓሣም አይወጣም አለ። ሳቅንበት። ቆይቶ ግን ታዘዝንለት። ከእሱ ንዝንዝ ረሃብ ይሻላል ብለን።

ዛሬ ሰኔ አምስት ነው። ነዝናዛው ዝም ብሏል። እኔም ጠዋት ስመጣ መረብ የጫኑ ሦስት ታንኳዎች ግድቡ ዳር አይቻለሁ። የማን እንደሆኑ አልናገርም። አንገታችሁን አትድፉ፣ ሰው ያውቅባችኋል።

ለመሆኑ ትንሽ ዓሣ ማለት ምን ያህል ነው? ሜትር አልነበረንም። አያ አዛናው ጫማውን አወለቀ። ኮንጎ ጫማ፣ ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝ። ዓሣው ከጫማው ካጠረ ወደ ውኃው ይመለሳል። ሕጉ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን አንዱን ጫማ ጭቃ ዋጠበት። ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት ገበያ ሌላ ፈለገ። የእግሩ ልክ አልተገኘም፤ አርባ ሦስት ቁጥር አጥልቆ መጣ። ምን ልበላችሁ፣ ሕጉ በአንድ ገበያ ቀን አደገብን። ከያዝነው ግማሹ እየዘለለ ወደ ውኃው ተመለሰ። «አያ አዛናው፣ ይህ እኮ ያንተ እግር አይደለም» ብንለው «ጫማዬ ግን ነው» አለ። ሽማግሌ ላክንበት። ስለ ጫማ ሦስት ሽማግሌ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸው አስጋሪ ናቸውና፣ ሸሕዲ ወጥተው ሠላሳ ሰባት ቁጥር ገዝተው አመጡለት። ለአስታራቂ እምቢ አይባልም፤ አመስግኖ አጠለቀው። ተረከዙ በስተኋላ ተርፎ ወጣ። «እንግዲህ ከነተረከዜ ነው የሚለካው» አለ። ዓመቱን ሙሉ እያነከሰ ለካብን።

ሷሊህን ታዩታላችሁ፣ እዚያ ጥግ ቆሟል። ከገላባት ዓሣ ሊገዛ የሚመጣ ነጋዴ ነው። አያ አዛናው ከዐረብኛ የሚያውቀው ሁለት ቃል ነበር፤ ማፊ እና ቡክራ። የለም፣ ነገ። ሷሊህ ሰኔ ላይ በረዶ ጭኖ ይመጣል። «ማፊ፣ ቡክራ» ይለዋል። ሰውየው ያምናል፤ በነጋታው በረዶ ጭኖ ይመጣል። «ማፊ፣ ቡክራ።» በረዶው ይቀልጣል፤ አያ አዛናው ቀዝቃዛውን ውኃ በጣሳ እየቀዳ ይጠጣል፤ ሷሊህንም ይጋብዘዋል፣ የገዛ በረዶውን። በዚህ ነው ወዳጅ የሆኑት። ትናንት መርዶውን ሲሰማ በረዶም ሳይጭን እያለቀሰ መጣ።

አሁን የራሴን ልናገር። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ይኸው ሰኔ ነው። ቤቴ ዱቄት አልቋል። አያ አዛናው ሸሕዲ ሄዷል ሲሉኝ ልብሴን ዳር አውልቄ፣ ዓይነ ጠባብ መረብ ይዤ ገባሁ። ዞር ስል ልብሴ ላይ ተቀምጧል። ዋና አይችልም፣ አይገባም። እኔ ራቁቴን ነኝ፣ አልወጣም።

«ለይኩን፣ እንዴት ዋልህ?» አለኝ።

«እግዜር ይመስገን።»

«ውኃው እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው።»

«ልጆችስ?»

«ደኅና ናቸው።»

የመተማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። አናቴ ተቀቀለ። ቀትር አለፈ። ይባስ ብሎ የማርያም ማኅበርተኞች በግድቡ ጫፍ ብቅ አሉ፤ እትዬ የትናየትም አብረው ነበሩ፣ ያስታውሱታል። ደስ ብሎት ተነሣ። «ኑማ፣ ለይኩንን ሰላም በሉት» አላቸው። እስከ አገጬ ሰምጬ የአሥራ አንድ ሴት ሰላምታ መለስሁ። ከዚያ መረቡን ፈታሁ፣ ዓሣውን ሁሉ ለቀቅሁ። ልብሴን ትቶልኝ ሄደ።

ቤቴ ስደርስ ግማሽ ኩንታል ማሽላ በር ላይ ተቀምጧል። ጠዋት እኔ ከቤት እንደወጣሁ፣ ገና ግድቡ ሳልገባ፣ አያ አዛናው አራግፎት ሄዶ ነው አሉኝ ልጆቼ። ዱቄቴ ማለቁን ያውቅ ነበር።

ስምንት ዓመት ያኮረፍሁት በልብሴ መስሏችሁ ነበር። እሱም እንደዚያ ሳይመስለው አልቀረም። በማሽላው ነው። አፍሬ ነው። አመሰግናለሁ ማለት አቅቶኝ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ውኃ ውኃ ሳይ ኖርሁ። አያ አዛናው፣ አመሰግናለሁ። ይኸው አልሁት፤ ዘገየሁብህ።

ወንድሞቼ፣ ቅድም መምሬ ቢሆነኝ የተዝካሩን ቀን ሲቆጥሩ አጠገባቸው ነበርሁ። አርባው የሚወጣው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። እኔ አርባው ሳይወጣ መረብ አልነካም። የባልንጀራዬ ኀዘን ነው። በዚህ ሰው ኀዘን መረብ እጥላለሁ የሚል ካለ፣ ካህናቱ ፊት አሁን እጁን ያውጣ።

እቆያለሁ፣ አልቸኩልም።

ማንም አላወጣም። መምሬ፣ እርስዎ ምስክር ነዎት።

አያ አዛናው፣ ሰው ሁሉ እግዜር በፈቀደው ቀን ይሞታል፤ አንተ ግን ለምነህ ያስፈቀድህ ይመስለኛል። አፈሩ ይቅለልህ። ሂድ እንግዲህ ወንድምዓለም፣ ዓሣው እንቁላሉን ይጥላል። ግድቡ ተዘግቷል።